የእህቴ ልጅ ባልነበረችበት ረቡዕ ስለሠራችው ሥራ

የጡረታ ማህደሮችን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ከመንግሥት ውል ለወሰደው ድርጅት
ለተከበሩት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ተክሉ ያለበት መስኮት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከጥሩ እንቅልፍ በኋላ፣ በተደላደለ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ወንበሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ቤተሰብዎ፣ መኪናዎና በመስኮትዎ ላይ የሚታየው ለምለም ተክል ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ተክሉን በየጠዋቱ ስለማየው ስለ እሱ እንኳ ጥርጣሬ የለኝም።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከድርጅትዎ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ባለችው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ሰዓት የምጠግን ሰው ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም። በልጅነቴ የአባቴን ሰዓት ፈታሁ፣ መልሼ መግጠም አቃተኝ፣ እሳቸው ሳያውቁ ለመግጠም ስታገል ሰዓት ጠጋኝ ሆንኩ። ንባቡንም የተማርኩት ደንበኞች ሰዓታቸውን ጠቅልለው ከሚያመጡባቸው አሮጌ ጋዜጦች ነው፤ ስለዚህ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ ጥፋቱን ለጋዜጦቹም ያካፍሉልኝ።

በእርስዎ ድርጅት ውስጥ ደግሞ የእህቴ ልጅ በጸሐፊነት ትሠራለች። ሥራዋ የጡረተኞችን አሮጌ ማህደር እየገለጠች፣ ስማቸውን፣ የተወለዱበትንና የተቀጠሩበትን ቀን እያነበበች ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ነው። መንግሥት ሥራውን ለእርስዎ ሰጠ፤ እርስዎ ለእሷ ሰጧት፤ እሷ ለማን እንደምትሰጠው ስላላወቀች እየሠራችው ትገኛለች።

ደብዳቤዬን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት በድፍረት እንዳይመስልዎ። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ ቁጥር ተሰጥቷቸው ከገቡ በኋላ የት እንደደረሱ የሚያውቅ አልተገኘም። የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ በጠየቅኋት ቁጥር «አባባ፣ ገብቷል እኮ» ትለኛለች። መግባቱንማ እኔም አውቃለሁ። ይህኛው እንዳይጠፋ ብዬ ነው ብዙ ሰው እንዲይዘው ያደረግሁት።

ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የእህቴን ልጅ ቢሮ አስጠርታችሁ አንድ ወረቀት ሰጣችኋት። ወረቀቱ እንደሚለው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጡረተኞች በሙሉ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቀን፣ ያውም በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን እንደተወለዱ ተደርገው ተመዝግበዋል፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችም ይህን አግኝተውታል። ማህደሮቹ የገቡት በእሷ ባጅ ስለሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ እንድትፈርም ነው የተጠየቀችው። ከፈረመች ትሰናበታለች፤ ስሟም ከእንግዲህ በመንግሥት ሥራ ደጃፍ እንዳያልፉ ከተከለከሉት ጋር ይጻፋል። ካልፈረመች ደግሞ ነገሩ ወደ ሕግ ይሄዳል ተብላለች። የተሰጣት ጊዜ እስከ ፊታችን አርብ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ አይደለሁም። ነገር ግን የቆመ ሰዓት ሲመጣልኝ ከመፍታቴ በፊት «ማን ነክቶት ነበር?» ብዬ መጠየቅ የሥራ ልማዴ ነው። ይህንኑ ልማድ ይዤ ወደ ድርጅትዎ ስመለከት ያየኋቸውን ነገሮች፣ በየመካከሉ ምስጋናዬን ሳልረሳ፣ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩. ስለ ሙከራ ጊዜ። የእህቴ ልጅ ስትቀጠር ለሦስት ወር በሙከራ ላይ እንደምትቆይ ተነግሯት ነበር። አሁን አሥራ አራተኛ ወሯን ይዛለች። በየሦስት ወሩ አዲስ ውል ትፈርማለች፤ በየሦስት ወሩም አዲስ ሠራተኛ ትሆናለች። ሰው ሁሉ በሚያረጅበት ዓለም አንዲትን ልጅ እንዲህ ሳታረጅ የምትቆይ ስላደረጓት አመሰግናለሁ። እስካሁን ያልተሞከረው ምኗ እንደሆነ ግን ቢነገራት ቶሎ አሳይታችሁ በገላገለቻችሁ ነበር።

፪. ስለ ወንበር። በአዳራሹ አርባ ጸሐፊዎችና ሠላሳ አንድ ወንበሮች አሉ። ቀድሞ የገባ ይቀመጣል፣ የዘገየ የፋይል ሣጥን ደራርቦ ቆሞ ይሠራል። ይህ ሠራተኛ በሰዓቱ እንዲገባ ታስቦ ከሆነ ብልሃቱን አደንቃለሁ። ሳይታሰብ የሆነ ከሆነ ግን ዘጠኙ ወንበሮች የት እንዳሉ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ባለፈው ወር ከዚያው ዓይነት አራቱ በአዳራሹ ሱፐርቫይዘር መኪና ላይ ተጭነው ሲወጡ አይቻለሁ። ለጥገና ይሆናል ብዬ አለፍኩት። እስካሁን አልዳኑም መሰል አልተመለሱም።

፫. ስለ መጸዳጃ ቤት። ወደዚያ የሚሄድ ጸሐፊ ሁሉ ስሙን፣ የወጣበትን ሰዓት፣ የተመለሰበትን ሰዓትና «ምክንያት» በሚለው ረድፍ ሥር ምክንያቱን በመዝገብ ላይ ይጽፋል። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን «የታወቀ» ብላ ጽፋ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። በማግስቱ «እንደ ትናንቱ» ብላ ጻፈች፤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። በዚህ በኩል ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም የመከርኳት እኔ ስለሆንኩ ማስጠንቀቂያዎቹ ወደ እኔ እንዲዛወሩ በትሕትና አመለክታለሁ።

፬. ስለ ግድግዳው ሰዓት። ይህ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ብረዝም ይታገሱኝ። ሠራተኞቹ መግቢያና መውጫቸው የሚለካው በአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ነው። ከሁለት ወር በፊት የበሩ ጥበቃ ሰዓቱን አቅፈው መጡና «ጋሼ፣ ይሄ ሰዓት ጠባይ አለው። ጠዋት ይቸኩላል፣ ከሰዓት በኋላ ይደክመዋል» አሉኝ። እኔም እንደዚያው ስለሆንኩ አልገረመኝም። ፈታሁት። አንድም ብልሽት የለበትም፤ ባትሪውም ደህና ነው። ከጀርባው ያለችው ማስተካከያ ቁልፍ ብቻ፣ ጣት ብዙ ስለተመላለሰባት እንደ ቀለበት ታብረቀርቃለች።

ክቡር ሆይ፣ ሰዓት ሲበላሽ ወይ ይቀድማል ወይ ይዘገያል። ጠዋት ለድርጅቱ ብሎ ቀድሞ፣ ማታ ለድርጅቱ ብሎ የሚዘገይ ታማኝ ሰዓት ግን በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አላጋጠመኝም ነበር። ቁልፏ ላይ አንዲት ጠብታ ማጣበቂያ አድርጌ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ትክክል ይሠራል ይባላል። ሲያዞራት ጥፍሩ የተሰበረ ሰው ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ማን እንደሆነ ቢነገረኝ ደግሞ ይቅርታውን በአካል አቀርባለሁ።

፭. ስለ አረንጓዴው ቅርጫት። ዋናው ነገር እዚህ ይጀምራል። በአዳራሹ በር ላይ የተለጠፈውና እርስዎ የፈረሙበት ደንብ ቁጥር ሰባት እንዲህ ይላል፦ በምሳ ሰዓት ማንኛውም ጸሐፊ በአዳራሹ ውስጥ አይገኝም፤ ባጁንም ለበሩ ጥበቃ አስረክቦ ይወጣል። ያለዚያ ባጅ ኮምፒዩተሩ አይከፈትም፤ በባጁ የተሠራውም ሁሉ በባለቤቱ ስም ይመዘገባል። ባጆቹ በአረንጓዴ የፕላስቲክ ቅርጫት ይሰበሰባሉ። ማታም እዚያው ያድራሉ።

የእህቴ ልጅ ምሳዋን የምትበላው እኔ ዘንድ ነው፤ ጠዋት ቆማ ካረፈደች ደንበኛ የሚቀመጥባትን በርጩማ እሰጣታለሁ። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሁለታችንም ፊታችን ወደ በርዎ ነው። ከአንድ ወር በፊት ገደማ፣ ጸሐፊዎቹ ከወጡ በኋላ፣ ሠራተኞቹ «ቆጣሪው» የሚሉት ሱፐርቫይዘርና ከላይኛው ፎቅ የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ቅርጫቱን ተሸክመው ወደ አዳራሹ ሲገቡ፣ መጋረጃውም ሲጋረድ ማየት ጀመርኩ። በጎ በጎውን አሰብኩ። ባጆቹን ሊያጥቧቸው ይሆናል አልኩ። በሳምንት አምስት ቀን የሚታጠብ ባጅ ግን ንጽሕናው ከሐኪም እጅ በለጠብኝ።

ጥበቃውን «ቅርጫቱም ምሳ ይበላል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዙሪያቸውን አይተው «ጋሼ፣ እኔ የምጠብቀው ከውጭ የሚገባውን ነው፤ ከውስጥ ወደ ውስጥ የሚሄደው አያገባኝም» አሉኝ። ብልህ ሰው ናቸው፤ እባክዎ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት አያስቸግሯቸው። ከተቸገሩ ከፊት ለፊት ሆኜ አያለሁ።

አሁን ለልጅቷ ከሰጣችኋት የክስ ወረቀት ጋር ያያዛችሁትን ዝርዝር ይመልከቱ። እያንዳንዱ ማህደር የገባበት ቀንና ሰዓት በትጋት ታትሞበታል። ለዚህ ትጋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ምክንያቱም ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ማህደሮች ውስጥ አንድ መቶ አሥራ ሰባቱ የገቡት በምሳ ሰዓት ነው። በደንብ ቁጥር ሰባት መሠረት አዳራሹ ባዶ በሆነበት፣ የእህቴ ልጅ በእኔ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትጎርስ በነበረበት ሰዓት። የቀሩት ዘጠና ሰባቱስ? እነሱ ሁሉም የገቡት በአንድ ቀን ነው።

፮. ስለዚያ ረቡዕ። ከሦስት ሳምንት በፊት በዋለው ረቡዕ የቀኝ ዓይኔ ሞራ ተገፈፈ። የእህቴ ልጅ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀች፤ እርስዎም በቸርነትዎ ፈርመው ፈቀዱላት። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሆስፒታል ከእኔ ጋር ነበረች፤ ዓይኔ ታሽጎ እጄን ይዛ ከክፍል ክፍል የመራችኝ እሷ ናት። ባጇ በቅርጫቱ ውስጥ ነበር።

በቀጣዩ ሰኞ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ሠራተኞቹን አሰልፎ፣ በሳምንቱ ውስጥ በአንድ ቀን ብዙ ማህደር ላስገባች ትጉህ ሠራተኛ ብሎ ለእህቴ ልጅ የምስጋና ሰርተፊኬት ሰጣት። ቀኑ ተጽፏል፤ ረቡዕ። ብዛቱም ተጽፏል፤ ዘጠና ሰባት። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማና የድርጅቱ ክብ ማህተም አለ። የእህቴ ልጅ በጣም በተሳካላት ቀን ስልሳ ማህደር ታስገባለች። «እኔ እኮ ረቡዕ አልነበርኩም» ብትለው ቆጣሪው «ሲያመሰግኑሽ አመሰግናለሁ ይባላል» አላትና አስጨበጨበላት። እሷም ደንግጣ ተቀበለች።

ባልነበረችበት ቀን ይህን ያህል የሠራች ልጅ፣ ጨርሳ ብትቀርላችሁ ሥራው ሁሉ ባለቀላችሁ ነበር።

ቁጥሩን እዚህ ላይ አቁሜ ስለ ልጅቷ ሁለት ነገር ልበል፤ ሥራ ስለሚበዛብዎ ፊቷን የሚያውቋት አይመስለኝም። ባለፈው ዓመት የአንዲት የሆስፒታል ልብስ ሰፊ ማህደር ውሃ ነክቶት የትውልድ ቀናቸው ደብዝዞ መጣላት። ዝም ብላ የዓመቱን የመጀመሪያ ቀን ብትሞላው ኮምፒዩተሩ ይቀበላት ነበር። እሷ ግን ከእኔ የተዋሰችውን የሰዓት ማጉያ መነጽር ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮት ይዛ ሄዳ፣ ሃያ ደቂቃ ፈጅታ አነበበችው። ቆጣሪው «እዚህ ሙዚየም አይደለም» ብሎ በስሟ ትይዩ ቀይ ምልክት አደረገ። ያንን ምልክት እስከ ዛሬ እንደ ኒሻን እቆጥርላታለሁ።

ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ውስጥ አንዲት አዋላጅ አሉ። አዲሱ መዝገባችሁ እንደሚለው ሥራ የጀመሩት ከመወለዳቸው አሥራ አንድ ወር ቀደም ብለው ነው፤ ምናልባት ራሳቸውን ያዋለዱ ይሆናሉ። እስቃለሁ እንጂ የሚያስቅ አይደለም። መዝገቡ እስኪታረም ድረስ የእኚህ ሴትዮና የሌሎቹ ጡረታ ታግዷል፤ በዚያ ዕድሜያቸው መወለዳቸውን ሊያስረዱ በየመስኮቱ ይሰለፋሉ። የውሉ ቀን እንዳያልፍባችሁ ማህደሩን ሳይገልጥ በፍጥነት የሞላ ሰው ማን ይሁን ማን፣ ያንን ሰልፍ አንድ ጠዋት ቆሞ ቢያየው ደስ ይለኛል።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ቤት በገባች ቀን እናቷ፣ ማለትም እህቴ፣ «ፈርሚና ይልቀቁሽ፣ ልጄ። ከመንግሥት ጋር ምን ያነካካሻል» አለቻት። እኔ «መንግሥት አይደሉም፤ ውል ተቀባይ ናቸው» ብል «ልዩነቱን ለእስር ቤቱ ንገረው» አለችኝ። ልጅቷ ብዕሩን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ ስህተትማ ሞልቶኛል፤ የሠራሁትን ቢያመጡልኝ እፈርም ነበር። ይሄን ግን አልሠራሁትም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለምሳ እኔ ጋ ትመጣለች እንጂ አትበላም። ለሰው ሁሉ የምቀልደው ሰውዬ ለእሷ የሚሆን ቀልድ አጣሁ። ለዚህ ብቻ፣ ክቡር ሆይ፣ ምስጋና የለኝም።

እንግዲህ ያዘዛችሁት አርብ ሲደርስ የእህቴ ልጅ በሰዓቱ ትገኛለች፤ ሰዓቱም አሁን ትክክል ስለሆነ የምንጣላበት አይሆንም። እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬያት እመጣለሁ። አራት ወረቀቶች ይዘን እንመጣለን። አንደኛው በምሳ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ነው የሚለው ደንብ ቁጥር ሰባት ነው። ሁለተኛው ረቡዕ አልነበረችም የሚለው የፈቃድ ወረቀት ነው። ሦስተኛው ረቡዕ ከሁሉ በልጣ ሠራች የሚለው ሰርተፊኬት ነው። አራተኛው የእሷን ፊርማ የሚጠብቀው የጥፋት ማመኛ ነው። በሦስቱ ላይ ፊርማዎ አለ፤ አራተኛው በስምዎ የወጣ ነው። አራቱም አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሐሰቱ የትኛው እንደሆነ በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙልን። የእህቴ ልጅ ከእርስዎ ፊርማ ሥር ያለ አንዳች ማንገራገር ትፈርማለች።

ተክልዎ ይለምልም፣ ወንበርዎ አይጉደል፣ የሚፈርሙትን ሁሉ አንብበው የሚፈርሙበት ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ፣ በቀኝ ዓይኔ እንደ ልጅ፣ በግራው እንደ ሽማግሌ በርዎን እያየሁ የምኖር፣ ምንጊዜም የማልርቅዎ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

የልጅቷ አጎት፣ ሰዓት ጠጋኙ

ግልባጭ፦
ለጡረታ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች፣ ከክሱ ዝርዝር ቅጂ ጋር
ለአዋላጇ፣ ከመልካም ልደት ምኞት ጋር
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ሥራ ስላበዛሁበት ከይቅርታ ጋር

ማስታወሻ፦ ትናንት ሱፐርቫይዘሩ የእህቴን ልጅ ጠርቶ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ የፊደል ስህተት ስላለ ለእርማት ቶሎ እንድትመልሰው መጠየቁን ሰማሁ። በአዲሱ ዓይኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም የፊደል ስህተት የለበትም። እህቴ ይህን እስክትሰማ ድረስ «ፈርሚ» ስትል ነበር። ሰርተፊኬቱ በመስታወት ገብቶ ከሳሎኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ አይቶታል። ለልጇ የሰጡትን ሊነጥቁ መሆኑን ስትሰማ ግን ተነሳች፣ ከምስማሩ አወረደችው፣ በሻርፕ ጠቅልላ ሱቄ ድረስ ይዛው መጣች። አሁን በመስታወት ሳጥኔ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ በርዎ አዙሮ ተሰቅሏል። በቀን ብዙ ሰው ሰዓት ሊጠይቀኝ ጎንበስ ይላል፤ ሳያነበው የሚሄድ የለም። ወርደው ሊያዩት ቢፈልጉ የምሳ ሰዓት ይመቻል፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ባዶ ነው ብለው ፈርመዋል።